ከመንገድ የተነሣው ድምፅ ማጉያ



በዚህ አገር መንገድ ላይ የሚጣለውን ዕቃ አይቶ ያልተገረመ አዲስ መጪ ያለ አይመስለኝም። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ አንዳንዴም ምንም ያልጎደለው የሕፃን ጋሪ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ተደርድሮ ይታያል። «አልተ ዛኽን» እያለ በመኪና እየዞረ የሚጣራው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ እስኪደርስ የፈለገ ሰው ያነሣዋል። የአገሩ ሰዎች ነውር የለበትም ይላሉ። እኛ ግን በነውርና በቁጠባ መካከል እንቸገራለን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አንዱ ስለሆነው ስለ ቤት ድምፅ ማጉያ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን አስተምሮኛል፤ ስሕተቴንም አሳይቶኛል።

የሆነው በ2022 ነው። በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ በአንድ መርካዝ ክሊታ የሚኖር ቤተሰብ እጎበኝ ነበር። ከጎንደር ከመጡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። አባት ፋብሪካ ይሠራል፤ እናት ኡልፓን ትማራለች፤ ሦስት ልጆችና ጆሯቸው የደከመ አያት አብረው ይኖራሉ።

ያን ቀን ስገባ የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ አምስት ትናንሽ ጥቁር ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ትልቅ ሣጥን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከመንገድ ያነሣቸው ናቸው። በየሽቦው ጫፍ ባለ ቀለም የፕላስቲክ መሰኪያ አለ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ግራጫ። ልጁ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቢሞክር አልገባ ብሎታል። አሁን በእጁ ፒንሳ ይዟል፤ አጠገቡ ደግሞ ከተበላሸ ማራገቢያ የተቆረጠ የመብራት ገመድ ከነሶኬቱ ተቀምጧል።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልሁት።

«መሰኪያው እምቢ አለ። ቆርጬው ከዚህ ገመድ ጋር ልቀጥለውና ግድግዳው ላይ ልሰካው ነው» አለኝ።

ልቤ ቀጥ አለ። በዚህ አገር በግድግዳው ውስጥ ያለው ኃይል 230 ቮልት ነው። ድምፅ ማጉያ የሚፈልገው ከአምፕሊፋየር የሚመጣለትን አነስተኛ ኃይል ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ቢሰኩት ማጉያው ይቃጠላል፣ ቤቱም እሳት ሊይዘው ይችላል፤ የተላጠውን ሽቦ የነካ ሰውም ሊሞት ይችላል። ገመዱን ከእጁ ወሰድሁ። እስከዚህ ድረስ ደግ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ግን፣ «ይሄ የመንገድ ቆሻሻ ነው። ቢሠራ ኖሮ ባለቤቱ አይጥለውም ነበር። መልሰህ ጣለው» አልሁት። ልጁ ቀና ብሎ አያቱን አየና ዝም ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። እናቱ አንገቷን ደፋች። እንግዳ ሆኜ ገብቼ ቤታቸው ውስጥ ያለውን ነገር ቆሻሻ ማለቴ የገባኝ ደረጃውን ስወርድ ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ማጉያውን ለምን እንደፈለገው ጠየቅሁት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነበር። የአያቱ ታላቅ እኅት ጎንደር ቀርተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ድምፃቸውን በስልክ እያስቀዱ ይልካሉ። ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ቢለጥፉትም ከመንሾካሾክ በቀር አይሰማቸውም። ስለዚህ ምራታቸው ሰምታ፣ «ደህና ነኝ፣ ሰላም በሉልኝ ብለዋል» ትላቸዋለች። መልሱንም የምትልከው እሷው ናት። የጆሮ ምርመራ ቀጠሮ አስይዤላቸው ነበር፤ ቀኑ ግን ገና ሩቅ ነው። ልጁም፣ «አባባ ራሳቸው እንዲሰሙ ነው» አለኝ። ዕቃውን አልጣለውም፤ ከአልጋው ሥር ደብቆታል።

አንድ ትንሽ ማጉያ ገዝቼ ላምጣላቸው ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን የልጁን ሥራ ቆሻሻ ካልሁ በኋላ የእኔን ስጦታ ማምጣት ሁለተኛ ስድብ መሰለኝ። እኔ በምኖርበት ሕንጻ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ። በ1991 ከሶቭየት ኅብረት የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ለምኛቸው አብረን ሄድን። የእሳቸው ዕብራይስጥ የተሰባበረ ነው፤ የልጁም ገና ነው፤ ሽቦው ላይ ሲደርሱ ግን ተግባቡ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የነገሩን መሰኪያው ለምን እንደማይገባ ነው። እነዚህ ማጉያዎች «የቤት ሲኒማ» እየተባለ በአንድ ካርቶን ይሸጥ የነበረ ስብስብ ክፍል ናቸው። ሳምሰንግ፣ ሶኒ፣ ኤልጂና ሌሎችም በ2000ዎቹ ዓመታት በብዛት ሸጠውታል። የዲቪዲ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይሆናሉ። ገዢው ሲገጥም እንዳይሳሳት መሰኪያዎቹ ቀለም ተሰጥቷቸዋል። ብዙውን ጊዜ ነጩ የፊት ግራ፣ ቀዩ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የመሐል፣ ሰማያዊው የኋላ ግራ፣ ግራጫው የኋላ ቀኝ፣ ሐምራዊው የወፍራም ድምፅ ሣጥን ነው። የመሰኪያው ቅርጽ ግን የዚያ ፋብሪካ የብቻው ነው፤ ሌላ ቦታ አይገባም። ስለዚህ ዋናው ሣጥን የተበላሸ ዕለት ምንም ያልሆኑት አምስት ማጉያዎች አብረው ይጣላሉ። ሽማግሌው መሰኪያውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ «ጫፉ የኩባንያው ነው፤ ውስጡ ግን ያው የሁሉም አገር መዳብ ነው» አሉ።

ከዚያም ሥራው ተጀመረ። ለእናንተም ይጠቅማልና እንዳየሁት በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ማጉያው የራሱ የመብራት ገመድ እንዳለው ይታያል። ካለው አምፕሊፋየሩ በውስጡ ነው ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን አትቁረጡ፣ አትክፈቱም፤ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ኃይል ሊቆይ ይችላል። ሁለት ቀጭን ሽቦ ብቻ የወጣለት ግን ያለ አምፕሊፋየር የማይናገር ተራ ማጉያ ነው። የልጁ አምስቱም እንዲህ ነበሩ። ቴሌቪዥኑም ሆነ ስልኩ ያለ አምፕሊፋየር ሊያናግራቸው አይችልም።

ሁለተኛ፣ መሰኪያው ይቆረጣል። ሲቆረጥ ግን ከሥሩ አይደለም፤ አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ ከመሰኪያው ጋር ይቀራል። ነገ ትክክለኛው ሣጥን ቢገኝ መልሶ ለመቀጠል ነው። ከዚያ የሁለቱም ሽቦ ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጣል።

ሦስተኛ፣ ከሁለቱ ሽቦዎች የትኛው ፖዘቲቭ፣ የትኛው ኔጌቲቭ እንደሆነ ይለያል። አንዱ ሽቦ ላይ መስመር ወይም የተለየ ቀለም ይኖራል፤ ትርጉሙ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሽማግሌው የሰዓት ዓይነቷን ትንሽ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ አወጡና ሁለቱን ሽቦ ለአንድ ቅጽበት ብቻ አስነኩ። የማጉያው ክብ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው። ይህ ለምን ይጠቅማል? አንዱ ማጉያ ተገልብጦ ከተቀጠለ፣ አንደኛው አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙም ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

አራተኛ፣ ከማጉያው ጀርባ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል። የፈረስ ጫማ ከሚመስል ምልክት አጠገብ 3፣ 4፣ 6 ወይም 8 ይላል፤ ኦም ይባላል። አምፕሊፋየሩም ከስንት ኦም ጀምሮ እንደሚችል ተጽፎበታል። የማጉያው ቁጥር ከዚያ ካነሰ አምፕሊፋየሩ ከመጠን በላይ ይሠራል፣ ይግላል፣ ሊበላሽም ይችላል። የልጁ ማጉያዎች እያንዳንዳቸው 3 ኦም ነበሩ። ያጠራቀመውን 70 ሼቄል ከፍሎ የገዛው ብሉቱዝ ያለው አሮጌ ትንሽ አምፕሊፋየር ደግሞ ከ4 ኦም ጀምሮ ይላል። ሽማግሌው መላ ነበራቸው። ሁለቱን ማጉያዎች እንደ ሰንሰለት አያያዟቸው፤ የአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ከመጀመሪያው ማጉያ ፖዘቲቭ፣ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛው ኔጌቲቭ ወደ አምፕሊፋየሩ ተመለሰ። እንዲህ ሲሆን 3 እና 3 ተደምሮ 6 ኦም ይሆናል። ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ አደረጉና አምስተኛው መጠባበቂያ ሆኖ ቀረ። ትልቁ ሣጥንም የራሱ አምፕሊፋየር ስለሌለው ወደ ጎን ተቀመጠ። ሰው ሲናገር ለመስማት ግዴታ አያስፈልግም።

በመጨረሻም አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ሳለ ሽቦው ሁሉ ታሰረ፤ ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ መቀጠያው በናስትሮ ተጠቀለለ። አምፕሊፋየሩ ራሱ የሚሠራው ከሱቅ በሚገኝ ባለ 12 ቮልት ቻርጀር ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት ግድግዳውን የሚነካው ከፋብሪካ እንደወጣ ያለው ቻርጀር ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ ነበር። ልጁ ማጉያዎቹን በአያቱ ወንበር ግራና ቀኝ አቆመና ስልኩን አገናኘ። የሽማግሌዋ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦

«እናንተ ልጆች፣ እውነቱን ንገሩኝ። ስልክ በላክሁ ቁጥር የምትመልስልኝ ምራቱ ናት። ወንድሜ ሞቷል እንዴ? ከሞተ ልወቀው፤ ተቀምጬ ላልቅስለት። እኔም እግሬ ታሞ ከተኛሁ ወር አለፈኝ። እየደበቃችሁኝ እንዳልሞት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ምራቲቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህን ሁሉ ታውቃለች። የእግራቸውን ነገር የደበቀችው ሽማግሌው እንዳይጨነቁ ብላ ነው። መርዶንም ሕመምንም በአንድ ጊዜ አለመናገር ያደግንበት ነውና አልፈርድባትም። ግን እነሆ፣ ወዲህ ሕመሙ ተደብቆ፣ ወዲያ ማዶ ያለ ሞት ለቅሶ ሊቀመጥ ነበር።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ልጄ፣ በደግ ልብ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። የደከመው ጆሮዬ ነው። ትከሻዬ ግን ሐዘን ይችላል» አሏት። ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠግተው፣ «እቴቴ፣ እኔ ነኝ። አልሞትኩም። ካላመንሽ፣ ወንዝ የወሰደብንን ጥቁር ጥጃና አባታችን የገረፈንን ቀን አስታውሽ። ማንም ያልነገርነውን ነው የምነግርሽ» አሉ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ መልስ መጣ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ልቅሶ፤ ከዚያ ደግሞ፣ «የተገረፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አንተማ ሮጠህ አመለጥህ» የሚል ድምፅ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ደጋግመው ካሰሙ በኋላ፣ «አሁን አጥፋው፤ ሰንበት ደርሷል» አሉት።

ወገኖቼ፣ ይህን ሳስብ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔም በሥራዬ በቤተሰቦችና በመሥሪያ ቤቶች መካከል እቆማለሁ። ስንት ጊዜ ረጅሙን ብሶት አሳጥሬ፣ «ደህና ነን ብለዋል» ብዬ ተርጉሜ ይሆን? በደግ ልብም ቢሆን፣ በሰው ቃል መካከል ስንቆም የምናስቀረው ነገር አለ። እናንተም እኔን ጨምሮ ማንም ስለ እናንተ ሲናገር ያልነውን ሁሉ ነገርሽልን ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ስለ ዕቃውም አንድ ሁለት ቃል ልጨምር። ከመንገድ ያነሣችሁትን የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፤ የማጉያን ሽቦ በምንም ምክንያት ከግድግዳ ኃይል ጋር አታገናኙ። የማይጠገን ዕቃ ካላችሁም መንገድ ላይ አትጣሉት፤ በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት አዲስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ ተመሳሳዩን አሮጌ ያለ ክፍያ የመቀበል ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁ አንድ ነገር ለመጠገን ወለሉ ላይ ዘርግተው ብታዩ ደግሞ፣ አደጋውን አስወግዱ፤ ከዚያ ከመቆጣታችሁ በፊት ለማን እንደሆነ ጠይቋቸው።

ቸር ያሰማን።