በር የምታንኳኳው ሴት ደመወዝ

በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው የገፋ የካውንስል ተከራዮች ብቻ የሚኖሩባቸው ሕንፃዎች አሉ። እኛ ሐበሾች በደፈናው «የሽማግሌዎች ቤት» እንላቸዋለን፤ ነገር ግን መጦሪያ አይደሉም። እያንዳንዱ ነዋሪ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ማድቤት፣ በስሙ የተጻፈ የኪራይ ውል አለው። በአገሩ ቋንቋ ሼልተርድ ሀውሲንግ ይባላሉ። ከተራው የካውንስል ቤት የሚለያቸው ዋናው ነገር ሁለት ነበር፤ ከየክፍሉ ጣሪያ የሚንጠለጠለው የድረሱልኝ ገመድና፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ግቢ የምትኖር፣ ዋርደን የምትባል ሠራተኛ። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ፣ በተለይም ስለ ሴቲቱ ደመወዝ ነው።

የስደት ጽሑፍ በሚሰበሰብበት መድበል ውስጥ የካውንስል በጀት ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በደርግ ዘመን «ሁለት ዓመት ቢሆን ነው» ብለው ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የተቀመጡት ወገኖቻችን ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። እኔ ሕክምናን በቡዳፔስት ተምሬ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በለንደን የአረጋውያን ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ከነዚያ ሕንፃዎች ወደ እኔ የሚመጡት ሕሙማን ከዓመት ወደ ዓመት ስማቸው እየቀረበኝ፣ የትውልድ መንደራቸውም የማውቀው እየሆነ ሄዷል።

ዋርደኗ ነርስ አልነበረችም። መድኃኒት አትሰጥም፣ ገላ አታጥብም። ዋናው ሥራዋ ጠዋት ጠዋት በር እያንኳኳች «እንዴት አደሩ?» ማለት ነው። አንዲት የጎንደር ሴት ወይዘሮ በሕክምናዬ ሥር ነበሩ፤ በሕንፃው ውስጥ ሐበሻ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዋርደኗ አየርላንዳዊት ስትሆን ስለ ቡና ሥርዓታችን የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ኮሪደሩን የቆሎ ቡና ሽታ ይሞላዋል። (የጭስ ደወሉ በጮኸ ቁጥር ለሁለት ዓመት ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ በመጨረሻ በመስኮት መክፈት ታርቀዋል።) አንድ ቀን ሽታው ቀረ። አንኳኳች፤ መልስ የለም፤ በያዘችው ቁልፍ ከፍታ ገባች። ወይዘሮዋ በሳንባ ምች ተይዘው፣ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ተስኗቸው አልጋ ላይ ተገኙ። ከአምቡላንስ ሠራተኞች ወረቀት ጋር የመጣው የዋርደኗ ማስታወሻ «ዛሬ ጠዋት ቡና አልቆሉም» ይላል። በሙያዬ ካነበብኳቸው የሕመም ታሪኮች ይህን የሚያህል አጭርና የተሟላ ብዙ አላየሁም። በስድስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለመሆኑ ይህችን ሴት ማን ይከፍላት ነበር? (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀድሞ ደመወዟ ከኪራይ ጋር ተደምሮ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሀውሲንግ ቤኔፊት በሚባለው የኪራይ ድጎማ ይሸፈን ነበር። በ1997 ፍርድ ቤት የኪራይ ድጎማ ለቤቱ እንጂ ለሰውየው ድጋፍ ሊውል አይገባም የሚል ትርጉም ሰጠ። መንግሥትም ለጊዜው በመሸጋገሪያ ደንብ ሲያስተዳድረው ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2003 ሰፖርቲንግ ፒፕል የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ለእንግሊዝ የተመደበው የመጀመሪያ ዓመት ገንዘብ 1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። የፕሮግራሙ ዋነኛ ጥቅም ግን ገንዘቡ የታጠረ መሆኑ ነው፤ ካውንስሉ ለተመደበለት ድጋፍ እንጂ ለመንገድ ጥገና ሊያዞረው አይችልም።

አጥሩ በ2009 ተነሣ። ምክንያቱ መልካም ይመስል ነበር፤ ካውንስሎች የአካባቢያቸውን ችግር ያውቃሉና ነፃነት ይሰጣቸው ተባለ። በ2011 ደግሞ ገንዘቡ ከጠቅላላው የካውንስል ድጎማ ጋር ተቀላቀለ፤ ያው ድጎማም በዚያው ወቅት ክፉኛ መቆረጥ ጀመረ። የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ካውንስሎች ለዚህ አገልግሎት ያቀዱት ወጪ 45 በመቶ ያህል መውረዱን አሳይቷል። ይህ የግድ አልነበረም፤ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ገንዘቡን ለይተው ማስቀመጥን መርጠዋል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ሕፃናትን ከጥቃት መጠበቅና አቅመ ደካሞችን መንከባከብ በሕግ የተጣሉ ግዴታዎች ሲሆኑ፣ በር ማንኳኳት ግዴታ አይደለም። ግዴታና ውዴታ ከአንድ ማሰሮ ሲበሉ ማን ጦሙን እንደሚያድር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

አንዳንድ ካውንስሎች ዋርደኗን ያተረፉት ስሟን ለውጠው ነው። ሥራዋ «የቤት አስተዳደር» ሲባል የኪራይ ድጎማው ሊሸፍነው ይችላልና። በዚህ ስሌት ስለ ተቃጠለው አምፖል ብትጠይቅ የምትከፈልበት ሥራ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ወስዶዎታል ወይ ብትል ግን ከሥራ ድርሻዋ ውጪ ነው። ሌሎቹ በየግቢው የምትኖረውን ሠራተኛ አስቀርተው፣ በመኪና እየዞረ ብዙ ሕንፃ የሚያዳርስ ቡድን አቆሙ። በባርኔትና በፖርትስመዝ ተከራዮቹ ከሰሱ፤ በታኅሣሥ 2009 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካውንስሎቹ ለአካል ጉዳተኞች ማድረግ የሚገባቸውን ጥንቃቄ በወጉ አላደረጉም ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱ ውሳኔው እንደገና በጥንቃቄ ይታይ የሚል እንጂ ዋርደን ለዘለዓለም ይኑር የሚል አልነበረም።

በሴቲቱ ምትክ የቀረው ገመዱ ነው፤ ዛሬ በአንገት የሚንጠለጠል ቁልፍም ተጨምሮበታል። እኔ መሣሪያውን አልንቅም፤ ብዙ ሰው አትርፏል። በመሣሪያው ሰውን መተካት ይቻላል የሚለውን ግን እንደ ሐኪም አልቀበልም። ሽማግሌ ሰው ወድቆ ወለል ላይ ሲቆይ የሚጎዳው አጥንቱ ብቻ አይደለም። በራሱ ክብደት የተጨፈለቀው ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊቱን ይመርዛል፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ እንኳ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ ቆዳው ይቆስላል። በ1981 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ወለል ላይ ከቆዩት ግማሽ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ መሞታቸውን መዝግቧል። በ2008 ደግሞ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን የኬምብሪጅ ነዋሪዎች የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ረጅም ጊዜ ወድቀው ከቆዩት መካከል አብዛኞቹ መጥሪያ እያላቸው አለመጠቀማቸውን ጽፈዋል። መሣሪያው ራሱም የሚከዳበት ጊዜ አለ። በ2023 መጨረሻ፣ የስልክ መስመሮች ወደ ዲጂታል ሲዛወሩ መጥሪያዎች ሳይሠሩ በመቅረታቸው፣ መንግሥትና የስልክ ኩባንያዎች በግዴታ ማዛወሩን ለጊዜው ለመግታት ተስማምተዋል።

የእኛዎቹ ገመዱን ለምን እንደማይስቡ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሰው ላለማስቸገር ብዬ ነው እንጂ።» በዚያ ላይ ገመዱ ሲሳብ ከግድግዳው የሚወጣው ድምፅ እንግሊዝኛ ነው። ከስሜን ለንደን ካውንስሎች አንዱ የሳምንቱን ጉብኝት ወደ ወር ለማሳነስ ተከራዮቹን በሰበሰበበት ዕለት፣ ለአንድ አዛውንት አስተርጓሚ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። እጃቸውን አነሡና «ገመዱ አማርኛ ይሰማል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መልሱን ይጠብቁ ነበር። የካውንስሉ ሰው ጥያቄውን በማስታወሻው ላይ አሰፈረው። ጉብኝቱ ወር ሆነ።

ልጆች የሉም ወይ ይባላል። አሉ፤ በለንደን ኪራይ ተገፍተው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀው፣ የሌሊት ተራ እየሠሩ። እድርም አለን። በለንደንም በዋሽንግተንም እድሮቻችን ቀባሪ እንዳናጣ፣ ሬሳም አገር ቤት እንዲገባ ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ይህን የሚያህል የተጣራ ሒሳብ የሚይዝ ማኅበር በሌላው ስደተኛ ዘንድ አላየሁም። ያው እድር በሕይወት ላለው አባሉ በሳምንት ሁለት ቀን በር የሚያንኳኳ ሰው ቢመድብ ደንቡ የሚከለክለው አይመስለኝም። ይህን ስል ካውንስሉን ከዕዳው ነፃ ማውጣቴ አይደለም። የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ የሰው አቅም ከመድከሙ በፊት መከላከልን የካውንስል ተግባር አድርጎታልና፣ በስብሰባ ላይ ይህን አንቀጽ በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይገባል።

እስከዚያው በእጅ ያለ አንድ ገንዘብ አለ። አተንዳንስ አላወንስ ይባላል፤ የጡረታ ዕድሜ የደረሰ፣ በሕመም ምክንያት የሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ይጠይቀዋል፤ የገቢና የቁጠባ መጠን አይታይበትም። የነዋሪነት ሁኔታው መሟላት አለበት እንጂ፣ ገንዘቡን ለአጋዥ መክፈያም ሆነ ለሌላ ማዋል የተቀባዩ ፈንታ ነው። የእኛ ሰዎች የሚወድቁት ቅጹ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የሰማንያ ሁለት ዓመት አባት ጋር ቅጹን ይዘን ተቀምጠን ነበር።

«አባባ፣ ገላዎን ሲታጠቡ ሰው ይረዳዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል።»

«መጨረሻ የታጠቡት መቼ ነው?»

ዝም አሉ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተመለከቱና፣ ከትንሣኤ ወዲህ ገንዳውን መሻገር እንደፈሩ ነገሩኝ። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ እሳቸውም «ይህም ይጻፋል እንዴ?» እያሉ ፈረሙ።