በኮን ደጋ ላይ እያወሩ መሄድ

ጎበዝ! እስቲ ዛሬ ታክሲውን፣ ካፌውንና ስልኩን ለጊዜው እንተዋቸውና ስለ እግራችን እናውራ። አዲስ አበባ ውስጥ "በእግር እንሂድ" ያለ ሰው ወይ ታክሲ አጥቷል፣ ወይ ኪሱ ሳስቷል ተብሎ ይታማል። አራዳ ነኝ ባዩማ ሁለት ፌርማታ ላለመሄድ ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ ይቆማል። እሁድ ሲመጣ ደግሞ "ደበረኝ፣ ምን ላድርግ?" ይላል። እንግዲህ ሰምተነዋልና ለዛሬ አንድ ቦታ መርጠንላችኋል፤ ኮንን!

ኮን በሰሜን ወሎ የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ላሊበላ የሚጣደፍ መንገደኛ የዚያን አካባቢ ደጋ በመኪና መስኮት አየት አድርጎ፣ ጋሸና ላይ ታጥፎ እብስ ይላል። ከመኪና ወርዶ ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚሄድ ግን ብዙ ያተርፋል። የዋድላ ደጋ አናቱ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ገብስና ስንዴ ይዘራበታል። ዳገቱና ቁልቁለቱ የሚጀምረው ጠርዙ ላይ፣ ገደል አፋፍ ሲደረስ ነው። ስለዚህ ሜዳውን ሳይለቅ ለሚጓዝ ሰው አካሄዱ ቀላል ነው፤ ለጀማሪም ይሆናል።

ይህ አገር ከባዱንም ጉዞ ያውቃል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ መንገድ እየተሠራ ጉዞው ወራት ፈጅቷል። የናፒየር ጦርም በዚያው ዓመት ይህንኑ ደጋ አቋርጦ ነው መቅደላ የደረሰው። የቆሎ ተማሪውን ደግሞ አንርሳው። የዋድላ ቅኔ ቤት ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ተማሪ እንደ እናንተው ወጣት ነበር።

ታዲያ የት የት እንሂድ? ምልክት የተተከለበት፣ ካርታ የወጣለት የመዝናኛ መንገድ አትፈልጉ። አገሬው ራሱ የሚሄድበትን ያዙ።

አንደኛው የገበያ መንገድ ነው። የገበያ ቀን ጠይቁና ጠዋት ከሰዉ ጋር ተቀላቀሉ። አህያውን አሳልፉ፤ ሸክም ለያዘችም እናት መንገድ ልቀቁ።

ሁለተኛው ወደ ደብሩ የሚወስደው ነው። በወሎ ደጋ ሩቅ ቦታ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ደን ካያችሁ፣ ብዙ ጊዜ መሐሉ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሌላው መሬት ታርሶ፣ ዳር ዳሩም ባሕር ዛፍ ተተክሎበት፣ የጥንቱ ጥድና ወይራ የተረፈው እዚያው አጥር ግቢ ውስጥ ነው። ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ፣ የት ድረስ መግባት እንደሚፈቀድም ጠይቁ።

ሦስተኛው በጨፌው ዳር ያለው ነው። ውሃ የቋጠረው ረግረግ ለእናንተ የፎቶ ቦታ ቢሆንም ለገበሬው የከብቱ መኖ ነው። መሐል ለመሐል እየረገጣችሁ ሣሩን አታበላሹበት፤ ከብቶቹ የሄዱበትን ዳር ዳሩን ያዙ። ዝናብ ካለ ደግሞ ጥቁሩ አፈር ከጫማችሁ ጋር ተጣብቆ ሌላ ጫማ ይሆንባችኋል!

መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣችኋል፤ ቀጥሎም "ወዴት ናችሁ?" ማለቱ አይቀርም። "እንዲሁ ለመንሸራሸር" ብትሉት ግራ ይገባዋል። ሰው ያለጉዳይ እንዴት ይሄዳል? "እንግዶች ነን አባቴ፣ አገር ልናይ ነው የመጣን" በሉ። ያኔ ጨዋታው ይጀመራል። የጆሮ ማዳመጫችሁን ሰክታችሁ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁ ግን ትዕቢተኛ ናችሁ፤ በአገሬው ዘንድ ሌላ ስም የላችሁም።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከተማ ተወልዳ ያደገች አንዲት የማውቃት ልጅ አለች። አባቷ የዚያ አገር ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ከዜና ሰዓት በስተቀር ድምፃቸው አይሰማም፤ "አባዬ እኮ አይወደኝም" እያለች ትነግረኝ ነበር። ከዓመታት በፊት ለአያቷ ተዝካር አብራቸው ወረደች። ከመኪናው መንገድ እስከ ዘመዶቻቸው ቤት አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነበር። አባትየው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከፊት ከፊት እየሄዱ "እዚህ ጋ ጥጃ እጠብቅ ነበር፤ እዚያ ማዶ አባቴ ገርፎኝ አድሬያለሁ፤ በዚች መንገድ ነው አገር ጥዬ የወጣሁት፣ እናቴ እስከዚህ ዛፍ ሸኝታኝ አለቀሰች" ይሏታል። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት አብራቸው ኖራ ያልሰማችውን በዘጠና ደቂቃ ሰማች። ሰውዬው ዛሬ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ያን መንገድ ዳግም አይሄዱትም። "እንኳን ሄድኩ" ትላለች።

ስንቶቻችሁ ናችሁ አባታችሁ የተወለዱበትን መንገድ የምታውቁት? ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ለወላጆቻችን ይከብዳቸዋል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን አንደበታቸው ይፈታል። ፍቅረኛሞችም ሞክሩት፤ ካፌ ውስጥ ወሬ ያለቀባችሁ ካላችሁ ማለታችን ነው።

ወደ ጤናው ስንመጣ፣ ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እንጦጦ ጫፍ ላይ ወጥታችሁ እንደመሄድ ቁጠሩት። አየሩ ስስ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ከክረምት መውጫ በኋላ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነውና። አዲስ ጫማ ለጉዞ ቀን አታሟሹ። ለውሻ የምትሆን ዱላም አትጠላም። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ለልጆች ብር አትበትኑ፤ ብትችሉ የአገሬውን ልጅ መንገድ መሪ አድርጋችሁ ተገቢውን ክፈሉት።

በእግር መሄድ ለአገሬው እንጀራ እንደሚሆን ጎረቤት ወረዳ መቄት አሳይታለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቋት ማርያም የተጀመረው የኅብረተሰብ ማረፊያ፣ እንግዳውን ጎጆ ውስጥ እያሳደረ፣ ጓዙን በአህያ እየጫነ፣ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ እያሳየ ገቢውን ለአካባቢው ሰው አድርጎ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በዚሁ ደጋ አልፏል፤ ጋሸና ግንባር ነበረች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ግጭት ተነስቷል። ስለዚህ እዚያው ያለ ዘመድ ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። "አሁን አትምጡ" ካሏችሁ ቅሩ። ገደሉም ጨፌውም የትም አይሄድም።

እስከዚያው እግራችሁን አዲስ አበባ አለማምዱት። ከ700 ሄክታር በላይ የሆነው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም አለ። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት አባታችሁን ወይም እናታችሁን ጋብዟቸው። "ጉልበቴን" ካሉ አግዳሚ ወንበር እስካለበት ድረስ ብቻ ውሰዷቸውና "ልጅ ሳለህ ትምህርት ቤት በየት በኩል ነበር የምትሄደው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ዝም ብላችሁ ማዳመጥ ነው። መልካም እሁድ!