«እንዴት አደራችሁ» እና የእንግሊዞቹ ኪፕ

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነ ሰው እንግሊዝኛን ሁለት ጊዜ ይማራል። መጀመሪያ ከትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ከእንግዳ። ትምህርት ቤት ለዚህ አስጎብኚ ስለ እንቅልፍ የሰጠው ቃል አንድ ነው፤ «ስሊፕ»። ለዓመታት በቃው። አንድ ቀን ግን በዕድሜ ገፋ ያሉ እንግሊዛዊት ይዞ አሸተን ማርያም ወጥተው ሲመለሱ፣ ሴትዮዋ ሆቴሉ በር ላይ ቆመው ላባቸውን እየጠረጉ «አሁን ኪፕ ነው የሚያስፈልገኝ» አሉት።

እሱ የሚያውቀው «ኪፕ» ያዝ፣ አስቀምጥ የሚለውን ነው። ስለዚህ እጁን ዘረጋና ቦርሳቸውን ተቀበላቸው። እሳቸውም ደክሟቸው ስለነበር ዝም ብለው ሰጡት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ንብረት በአደራ ይዞ እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጠ፤ ሽንት ቤት እንኳ ቦርሳውን አንግቶ ነው የሄደው። ሴትዮዋ ከክፍላቸው ሲወርዱ መነጽራቸውም ክኒናቸውም የነበረው ቦርሳው ውስጥ እንደሆነ ነገሩት። ደግነቱ ሳቁ። ማታ እራት ላይ ቃሉን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፉለት። ኪፕ ማለት እንቅልፍ ነው። ከሌላኛው ጋር በድምፅ ተቀራረቡ እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ቃሉ የሰፈር ቃል ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ሸለብ ላድርግ» ወይም «ጋደም ልበል» በሚልበት ቦታ እንግሊዙ ኪፕ ይላል። ነውር የለበትም፣ ለአለቃ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን አይገባም። የመጣበት መንገድ ነው የሚያስገርመው። አየርላንዳዊው ኦሊቨር ጎልድስሚዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ኪፕ ማለት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነበር። የቃል አጥኚዎች ምንጩን ከዴንማርክኛ ያመጡታል፤ እዚያ «ኪፔ» ጎጆ ወይም ተራ መጠጥ ቤት ነው። ከዚያ ቃሉ እያደር ወደ ርካሽ ማደሪያ ቤት ዞረ፤ ከማደሪያው ወደ አልጋው፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደግሞ ከአልጋው ወደ እንቅልፉ። ደብሊን ውስጥ ዛሬም የቆሸሸ ቤት ኪፕ ተብሎ ይሰደባል።

የዚያ ዘመን ማደሪያ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የፈለገ ጆርጅ ኦርዌልን ያንብብ። በ1933 ስለ ፓሪስና ለንደን ድኆች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በሁለት ሳንቲም የሚታደርበት ቤት አለ። አልጋ የለም። ሰዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ከፊታቸው ገመድ ይወጠራል፣ ገመዱ ላይ ተደግፈው ያነጋሉ። ጠዋት ገመዱ ይቆረጣል። ስለዚህ እንግሊዝ ዛሬ «ትንሽ ኪፕ አደረግሁ» ሲል ሳያውቀው የድሃ ቤት ስም እየጠራ ነው።

አስጎብኚው ይህን ሲሰማ በአማርኛ አቻውን ሊፈልግለት ሞከረ። አማርኛ የእንቅልፍ ቃል አያጣም። አንቀላፋ አለ፣ አሸለበ አለ፣ ደቀሰ አለ። የከተማ ልጅ «ለሽ አለ» ይላል። «ጭልጥ አድርጎ ወሰደው» ይባላል። ግን እነዚህ ሁሉ የተኛውን ሰው ሁኔታ ይናገራሉ እንጂ ቤት የላቸውም። ቤት ያለው ቃል ሌላ ነው፤ እሱም በየጠዋቱ ለእንግዶቹ በስሕተት ሲተረጉመው የኖረው ቃል ነው።

ጠዋት ጠዋት እንግዶቹን «እንዴት አደራችሁ?» ለማለት ሲፈልግ በእንግሊዝኛ «እንዴት ተኛችሁ?» ይላቸው ነበር። ፈረንጅ ደግሞ ጥያቄውን በቁም ነገር ይወስዳል። ትራሱ ጠነከረ፣ ውሻ ጮኸ፣ ሌሊት የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ቀሰቀሰኝ ይላል። የላስታ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»። ስለ ትራስ አልተጠየቀማ። አንድ ሰው ዓይኑን ሳይከድን ሊያድር ይችላል፤ ቆሞም ሊያድር ይችላል። በገና ዋዜማ ቤተ ማርያም ዙሪያ የሚሰበሰበው ምእመን ያድራል እንጂ አይተኛም። አስጎብኚው ራሱ የቅዱስ ላሊበላን ትውፊት ሲተርክ፣ ቀን ሰው ሲጠርብ ይውላል፣ ሌሊት መላእክት ሲጠርቡ ያድራሉ ይላል። ማደር መተኛት ቢሆን ኖሮ አብያተ ክርስቲያናቱ አሁንም ድንጋይ ነበሩ።

ማደር ሌሊቱን አልፎ ንጋት ላይ መገኘት ነው። ሥሩ የግዕዙ «ኀደረ» ነው፤ ኖረ፣ ተቀመጠ፣ አደረ ማለት። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ መያዣ ማኅደር የተባለው መጽሐፉ እዚያ ስለሚያድር ነው። ላሊበላ ውስጥ ማኅደር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ እንግዳ ቦርሳ ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ቃሉ ኮምፒውተር ውስጥም ገብቷል።

ከዚያ አማርኛ ከዚህ አንድ ግስ ያላወጣው ነገር የለም። አርሶ የሚያድረው አርሶ አደር፣ አርብቶ የሚያድረው አርብቶ አደር ነው። ወታደር «ወጥቶ አደር» ነው ይባላል፤ ቤቱ የማያድር ሰው። ደርግ ወዛደርና ላብ አደርን በየአደባባዩ አስጮኸ፤ የኢሠፓአኮ ጋዜጣ ስም ራሱ «ሠርቶ አደር» ነበር። ትዳር ከዚሁ ነው፣ መተዳደሪያም፣ አስተዳደርም። አገር ማስተዳደር ሥሩ ሲታይ ሰውን በሰላም ማሳደር መሆኑን ብዙ አስተዳዳሪ የሚያውቀው አይመስልም።

ቃሉ መጥፎ ጠባይም አለው። ቂም ያድራል፣ ጥርጣሬ ያድራል፣ በሽታ ያድርበታል። ሰው ለሰው ያድራል፤ ለሆዱ ካደረ ሆድ አደር ይባላል። በመሸበት ቤት ሁሉ «አድር» የሚለው ደግሞ አድርባይ ነው። ሴተኛ አዳሪም ከዚሁ ግስ ወጣች። እዚህ ላይ እንግሊዝኛውና አማርኛው መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ኪፕ ከሴተኛ አዳሪ ቤት ተነሥቶ የሴትዮዋ የቀን እንቅልፍ ሆነ። ኀደረ ደግሞ ከመጽሐፍና ከመለኮት ማደሪያ ተነሥቶ ሴተኛ አዳሪ ጋ ደረሰ። ስድብ ያደረጋት ግን ቃሉ አይደለም፤ ሰው ነው። ቃሉ የሚለው ብቻዋን ትኖራለች ነው።

የሆቴል ሰዎች እንግዳ የሚቆጥሩት በአዳር ነው። «ሁለት አዳር»፣ «ሦስት አዳር» ይባባላሉ። የላሊበላ ሕዝብ ግማሽ ኑሮ በዚህ ቁጥር ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ በቅሎ አከራዩ፣ እንጀራ አቅራቢዋ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና መጣ፤ አዳሩ ዜሮ ሆነ። ያ ሳያልቅ ጥቅምት 2013 ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ተነሣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ እየተነጠቀች እየተመለሰች ከረመች።

አስጎብኚው በዚያ ሐምሌ እናቱን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ በገነተ ማርያም አቅጣጫ በእግሩ ወጣ። ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ነበር። ሲመሽ አንድ ገበሬ አጥር ላይ ደረሱ። ለስንት ፈረንጅ የላስታን ሰው እንግዳ አቀባበል ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው፤ መንገደኛ አጥር ላይ ቆሞ ምን እንደሚል፣ ባለቤቱ ምን እንደሚመልስ በቃሉ ይወጣዋል። የራሱ ተራ ሲሆን አፉ ተያዘ። የተናገሩት እናቱ ናቸው።

«የመሸብን መንገደኞች ነን፤ ስለ እመቤታችን አሳድሩን።»

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አለ ገበሬው። ከየት መጣችሁ እንኳ አላለም።

ጀንዲ ተነጠፈላቸው፤ ለአምስት ሰው አንድ ባና ተሰጣቸው። ልጆቹ ለሽ አሉ። አዋቂዎቹ በሩቅ የሚሰማውን ተኩስ እያዳመጡ አነጉ። ጠዋት የቤቱ እመቤት እሳት እያያያዙ «እንዴት አደራችሁ?» አሉ። እናቱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተ ቤት አድረን ምን እንሆናለን» ብለው መለሱ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። ውሸትም አልተናገሩም።

9 አዳር አደሩ። ሲሄዱ አስጎብኚው የያዛትን ጥቂት ብር አውጥቶ ለገበሬው ሊሰጥ ሞከረ። ሰውየው ተቀየመ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ብቅ ብቅ ሲል ነበር፤ በ2015 ማብቂያ በፋኖና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ግጭቱ ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተመልሶ ተዳፈነ። ለገና ምእመኑ አሁንም ይመጣል። የከተማው ሰው የመንገደኛ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያቀርባል፣ ያሳድራል። ይህ ግን በሆቴል ሒሳብ አዳር ተብሎ አይመዘገብም። አስጎብኚው በቀረው ጊዜ የጎረቤት ልጆችን እንግሊዝኛ ያስተምራል። በሚያስተምርበት ደብተር ላይ የሴትዮዋ ጽሕፈት አለ፤ «ኪፕ»።

ሴትዮዋ ኢንተርኔት ሲኖር አልፎ አልፎ ይጽፉለታል። በቅርቡ ስለ ላሊበላ በዜና ሰምተው «ደህና ናችሁ? እንቅልፍስ ትተኛላችሁ?» ብለው ጠየቁት። መልሱን በአማርኛ ወዲያው አገኘው፤ «አድረናል»። ወደ እንግሊዝኛ ሊመልሰው ግን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ አጠፋው። «ተኝተናል» ውሸት ሆነበት። «በሕይወት አለን» ብሎ ቢጽፍ ሴትዮዋን የሚያስደነግጥ መሰለው። በመጨረሻ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ዘንድሮ አሸተን ላይ ስለጣለው በረዶ ጻፈና፣ መጨረሻው ላይ «ቦርሳዎን አሁንም ይዤልዎታለሁ» ብሎ ላከው።