ጠጋ በሉ

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ የእግረኛው መንገድ ሰፋ ባለበት ቦታ፣ የሰው ክብደት የሚመዝኑ ልጆች ተቀምጠው ይውላሉ። ዕቃቸው አንዲት ጠፍጣፋ ሚዛን ናት፤ ካፊያ ሲጥል በላስቲክ ይሸፍኗታል። ጥቂት ብር የከፈለ ይወጣል፣ ቀስቱ ተንቀጥቅጦ ይቆማል፣ ልጁ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ማንንም ሊያሳፍር ብሎ አይደለም፤ ደንበኛው ማጎንበስ እንዳይቸግረው ነው። ሽማግሌዎች ቁጥሩ ከፍ ሲል «ተመስገን» ብለው ይወርዳሉ። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጃገረዶች ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዷ ትወጣለች፣ ሌሎቹ ተደፍተው ያነባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከመሀላቸው አንዲት የማትወጣ አትጠፋም። የሁሉንም ደብተር ታቅፋ «እናንተ ተመዘኑ፣ እኔ ዕቃ ልያዝላችሁ» ትላለች። እሷን ልብ ብላችሁ እዩአት። ልጁም ቢሆን «ቁጥሩን ቀስ ብለህ ንገራቸው» ብንለው እሺ የሚል ጨዋ ልጅ ነው።

ልጃገረዶቹ ሚዛኑን ከበው ሲቆሙ መተላለፊያው ይዘጋል። ከኋላ የሚመጣው ሰው ወደ አስፋልቱ ወርዶ ይዞራል፤ ሰማያዊው ባጃጅ ክላክሱን ያንባርቃል፤ እንጨት የተጫነች አህያ ትደነብራለች። በሰው አካል ላይ የምንወረውረው ቃልና በመንገድ ላይ የምንጋፋው ግፊያ እዚያች ሚዛን ዙሪያ ተገናኝተው ይታያሉ። ሁለቱን ለየብቻ ስናወራቸው ኖረናል። ለእኔ ግን መነሻቸው አንድ ነው፤ ለሌላው ሰው ቦታ መልቀቅ እየከበደን መጥቷል።

ጎንደር ስትቆረቆር የታሰበችው ለእግርና ለበቅሎ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከመሠረቱ በኋላ የነገሥታቱ ግቢ 12 በሮች ወጡለት። ፊት በር፣ እንቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ አዛዥ ጥቁሬ በር እየተባሉ ይጠራሉ፤ ብዙዎቹ ስሞች ማን በየት እንደሚያልፍ ይናገራሉ። የዛሬው ፒያሳ የመጣው ከ300 ዓመት በኋላ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጎንደርን ይዞ ሳለ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት የከተማውን ፕላን አወጣ። ያ መንገድ ጥቂት መኪና ለነበረበት ዘመን የተጠረገ ነው። ዛሬ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ከገጠር የገባው ገበያተኛም፣ ዩኒፎርም የለበሰው ተማሪም በዚያው ላይ ይተላለፋል። በተለይ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ከነሸክሙ ሲተምም፣ እግረኛው የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል።

ጥበቱ ታክሲው ውስጥም ይገባል። «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ!» ይላል ረዳቱ። ሦስት ሰው የሚይዘው ወንበር አራት ይጫንበታል። በዚህ መሀል ወፈር ያለች ልጅ ስትገባ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። ወደ አዘዞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ረዳት እንዲህ ያለችውን ተማሪ «አንቺ የሁለት ሰው ሂሳብ ትከፍያለሽ» ሲላት ሰምቻለሁ። ልጅቷ አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ ብሩን አውጥታ ሰጠችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከኋላ ወንበር ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ የጠበበው መኪናህ ነው እንጂ እሷ አልሰፋችም። ገንዘቧን መልስላት» አሉት። መለሰላት።

የእኚያ እናት ንግግር ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል። ታክሲ ሲያንስ፣ ወንበር ሲጠብ፣ ሰልፍ ሲረዝም የጥበቱን ምክንያት ከአጠገባችን ባለው ሰው ገላ ላይ እንፈልጋለን። ጥፋቱ አራተኛ ሰው በመጫኑ መሆኑ ይረሳና የልጅቷ ዳሌ ጥፋተኛ ይሆናል። የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ፍርድ ይግባኝ አትልበትም፤ አምናበት ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች።

መስከረም ላይ ከደጋ የሚመጡትን ልጆች አስቡ። ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ጎንደር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጃናሞራና ከበየዳ የሚመጣው ደግሞ አውቶብስ ከማግኘቱ በፊት ብዙ መንገድ አለበት። በሶውንና ቆሎውን ተሸክሞ መናኸሪያ ይወርዳል፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ጉንጩ ውርጭና ፀሐይ ተፈራርቀውበት ጠቁሯል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። እህቱ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። የሰሜንን ገደል በፍየል መንገድ የሚወጣ ልጅ አስፋልት መሻገር ይፈራል፤ አገሩ የሚመጣ ነገር ከሩቅ ይሰማል፣ እዚህ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁል የሚንደረደር ባጃጅ ድምፅ የለውም። ከዚያ አምልጦ ክፍል ሲገባ ቅጽል ስም ይጠብቀዋል። ጉንጩ፣ ተረከዙ፣ የእህቱ ግንባር መጠሪያ ይሆናሉ። «ካፍ የወጣ አፋፍ» ይላል የአገራችን ሰው። አፋፍ ምን እንደሆነ ከሰሜን ልጅ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ያ የሚሳቅበት ንቅሳት የእናቷ ውበት ነበር። በእናቷ ዘመን ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ላይ ሐረግ፣ ድድ ላይ ጥቁር ንቅሳት የሌላት ልጅ ነበረች የምትቆጨው። ከዚያም በፊት ሳዱላ ነበረ፤ መሀል አናቷን የተላጨች ልጃገረድ ለዓይን ታሳሳ ነበር። የጎንደር ሠዓሊዎችም ያማረ ፊት ሲስሉ ክብ አድርገው፣ ጉንጩን ሞላ፣ ዓይኑን ጎላ አድርገው ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ አንዳቸውም ጉንጫቸው አልጎደጎደም። ውበት የሚባለው መስፈሪያ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዲህ የሚገለባበጥ ከሆነ፣ በእሱ ልጅን መስፈር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የደጋ ሰው ሰላምታም ሌላ ነው። «ወፈርሽ እኮ!» ሲሉ እየመረቁ ነው፤ «ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» ሲሉ እያዘኑ ነው። የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ ያየ ወላጅ የልጁ ጉንጭ ሲሞላ ደግ ዘመን መምጣቱን ያይበታል። ይህን ሰላምታ የምትሰማው የዛሬ ልጅ ግን በኪሷ ስልክ ይዛለች። አያቷ «ተመስገን ሰውነትሽ ተመለሰ» ሲሏት እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ማታ መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን ትስባለች።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፊጂ የምትባለው የፓስፊክ ደሴቶች አገር ውስጥ ናድሮጋ በተባለው ግዛት ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነበር። እዚያም ሞላ ያለ ሰውነት የደኅና ቤት ምልክት ነበር። የሃርቫርዷ ተመራማሪ አን ቤከር ቴሌቪዥኑ እንደገባ ልጃገረዶችን ስትጠይቅ ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን የምታስመልስ አላገኘችም። ከ3 ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትጠይቅ 11.3 በመቶዎቹ ያደርጉት ነበር። ሦስት ዓመት ብቻ! ያኔ የመጣው ቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ዛሬ ስልኩ ከትራስ ሥር ያድራል። በ2021 እ.ኤ.አ. አደባባይ የወጣው የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ጥናትም ከተጠየቁት ልጃገረዶች 32 በመቶዎቹ ስለ ሰውነታቸው ሲከፋቸው ኢንስታግራም እንደሚያብስባቸው መናገራቸውን ይገልጻል። ወንዶቹም አልተረፉም። አጭሩ «ድንክ»፣ ቀጭኑ «ቀጫጫ» ሲባል ይውላል፤ ብረት ማንሻ ቤት ገብቶ አጥንቱ ሳይጠና ከአቅሙ በላይ ይሸከማል።

እኛ ዘንድ ችግሩ የሚሸሸግበት ጥሩ ስም ያለው ቦታም አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። አንዲት ልጅ እስከ ማታ ሳትቀምስ ብትውል እናቷ «ልጄ ጾመኛ ናት» ብላ ትመርቃታለች እንጂ አትጠረጥርም። አብዛኞቹ በእርግጥም ለእግዚአብሔር ይጾማሉ። ግን ጾም መፍቻ አለው። የፋሲካ ለት ዶሮው ቀርቦ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ ልጅቷ «አልራበኝም» ብላ ከማዕዱ ከሸሸች፣ ከጉርሻም ከተደበቀች፣ ያኔ እናት ቀረብ ብላ ማነጋገር አለባት። ቁጣ አያስፈልግም። ማን ምን እንዳላት መጠየቅ ይበቃል።

በሰው ላይ የተወረወረ ቃል ምን እንደሚሠራ የጎንደር ታሪክ ራሱ ይነግረናል። የቋራው ካሳ ኃይሉ እናት በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው ነበር ይባላል፤ ጠላቶቹም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሉት ነበር። በ1839 ዓ.ም. ግድም ከእነሱ አንዱ የሆኑት ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ። ተሸነፉ፣ ተማረኩም፤ ካሳ ኮሶውን ራሱን እንዳጠጣቸው ይተረካል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ታሪክ በኩራት እናወራዋለን። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ስድቡ በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ዙፋን እንኳ አላስረሳውም። ካሳ ደግሞ ጦር ነበረው፣ ተከታይ ነበረው። ክፍል ውስጥ በመኪና ስም «ሲኖ» ተብላ የምትጠራ የ14 ዓመት ልጅ ምን አላት? መልሷ ዝምታ ነው፤ ቀጥሎ መቅረት፤ ቀጥሎ ትምህርቱን መተው።

መንገዱም የሚቀጥፈው እነዚህኑ ልጆች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከማንኛውም ምክንያት በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ወባና ሌላው በሽታ ሁሉ ከእሱ በኋላ ይመጣል። አገራችን ከሕዝቧ አንጻር ያላት መኪና በጣም ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚሞትባት ሰው ብዙ ነው። መሪውን የያዘውም ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ባጃጁ የእሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢውን ማስረከብ አለበት። ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ የባከነውን ሰዓት በፍጥነት ሊያካክስ ይሞክራል። ተሳፋሪው ይሰድበዋል፣ ተቆጣጣሪው ይቀጣዋል፣ ታላላቆቹ ይንቁታል። ቀኑን ሙሉ የተናቀ ልጅ፣ መንገድ ላይ ለቆመ እግረኛ ፍሬን እንዲይዝ ስንጠብቅ አስቀድመን እሱን በሰውነቱ ማክበር ይገባናል። ይህን ስል ጥፋቱን ይቅር በሉት ማለቴ አይደለም፤ ሕጉ ይከበር፣ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁል መውረድም ይቅር። ነገር ግን ሰው አክባሪ ሾፌር የሚወጣው ሰው ከሚያከብር ሰፈር ነው።

ጎንደር ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በሽተኛው አልጋ ላይ እስኪወድቅ መጠበቅን ትተው ወደ ገጠር ወረዱ፤ ምንጭ አጎለበቱ፣ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ እናቶችን አስተማሩ። በሽታን ከመምጣቱ በፊት መከላከል የሚለውን ትምህርት ለአገሪቱ ካስተማሩት ግንባር ቀደሞቹ የጎንደር ልጆች ናቸው። ይኸው ትምህርት ለመንገዱም ለአንደበቱም ይሠራል። በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ዜብራው ይቀባ፣ ጠዋትና ማታ ትራፊክ ፖሊስ ይቁም። ሦስት ሰው የሚይዘው ወንበር ሦስት ሰው ይያዝ፤ አራተኛ ሲጫን ተሳፋሪው ራሱ «አይሆንም» ይበል። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በሰልፍ ሰዓት ስለ ቅጽል ስም ይናገር። መምህሩም ተማሪን «አንቺ ወፍራሟ» ብሎ ከመጥራት ስሟን ያጥና።

መንገድ ማስፋት ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል፤ እስከዚያው እንታገሣለን። ቃላችንን ለማረም ግን የምንጠብቀው በጀት የለም። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ትገባለች። መወፈሯንም መክሳቷንም አናንሣባት፤ ምን እንደተማረች፣ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረች፣ ማን ምን እንዳላት እንጠይቃት፤ ስትመልስም ቁጭ ብለን እንስማት።