የዴዴሳ ዳገት

ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ 331 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የቡና ነጋዴ ልጁን በጭነት መኪናው አሳፍሮ ወደ ጊምቢ ሲሄድ፥ በመጀመሪያው ቀን አምቦንና ባኮን አልፎ ነቀምቴ አደረ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ፦ «ልጄ፥ ጀሪካኑን ውኃ ሙላው» አለው። ነቀምቴ ከፍ ያለች ከተማ ናትና ማለዳዋ ይበርዳል፤ ልጁም ብርዱን ፈርቶ ሳይሞላው «ሞልቻለሁ» አለ።

መንገዱ ከዚያ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርዳል። ዴዴሳ ከዓባይ ጋር የሚቀላቀል ታላቅ ወንዝ ነው፤ በበጋ ግን በዙሪያው ያለው ሣር ይደርቃል፥ ሙቀቱም ይበረታል። ድልድዩን ተሻግረው ዳገቱን ብዙ ከወጡ በኋላ የመኪናው ውኃ ፈልቶ ሞተሩ ቆመ። አባት ጀሪካኑን ቢያነሣው ቀለለው። ልጁን አየው፤ ምንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከቁጣ ይከብዳል።

ያን ጊዜ አንዲት እናት ከወንዙ የቀዳችውን እንስራ አዝላ እያዘገመች ደረሰች። ነገሩን በተረዳች ጊዜ እንስራዋን አወረደች፤ «ቤት የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ፤ ቢሆንም መንገደኛ በረሃ ላይ አይቀርም፥ ውሰዱ» አለች። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው ውኃውን ጨመሩት፤ እንስራውም ባዶ ሆነ። አባት ገንዘብ ቢዘረጋላት አልተቀበለችም።

ልጁ ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው ሲል የኖረ ነበረ። አሁን ግን ማንም ሳያዝዘው እንስራውን አዝሎ ቁልቁለቱን ጀመረ። እናቲቱም፦ «አዞ አለና ሰው ከሚቀዳበት አትራቅ!» እያለች ከኋላው ተጣራች።