ሁሉም የሚወደውን አልበም ሶስቴ መስማት

ዛሬ ስለ ሙዚቃ ነው የማወራው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ እኔ ዘንድ ግን ሊገባ ያልቻለ አንድ አልበም አለ። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»። የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኔ በዲፕሎማ ተመርቄ ጠመኔ የጨበጥኩበት ሰሞን መሆኑ ነው። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሄዋን ገብረወልድ፤ ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ አራት ድምፃውያን በአንድ መድረክ። ከኋላቸው የሚያጓራ ኤሌክትሪክ ጊታርና ከባድ ድራም። «ኢትዮጵያዊ ሮክ መጣ» ተባለ። «ዳሪኝ» የሚለውን ዘፈን ተማሪዎቼ በዕረፍት ሰዓት ዴስክ እየደበደቡ ሲዘፍኑት፣ የአራተኛ ፔሬድ ደወል ሁሉ አይሰማም ነበር።

ያኔም ሰማሁት፣ ከዚያ በኋላም በየካፌው፣ በየሚኒባሱ፣ በየሰርጉ ሰማሁት። አልሆነልኝም። ምክንያቴም ሁለት ነበር።

አንደኛ፣ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። አማርኛ ደግሞ በመጥበቅና በመላላት የሚኖር ቋንቋ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል። ይህን ልዩነት የሚሸከመው አንድ ቀጭን ድምፅ ነው። ጊታሩ ሲያጓራ መጀመሪያ የሚውጠው እሱን ነው።

ሁለተኛ፣ ጆሮዬ ያደገው በክራር ነው። ክራር ሲመታ በአንዱ ምትና በሌላው መሀል ባዶ ቦታ ይተዋል። ሰሚው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ዲስቶርሽን የተጫነበት ጊታር ግን ቦታ አይተውም፣ ግድግዳ ነው። የምቀመጥበት አጣሁ።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ አልቆ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር፣ በቴሌግራም አልበሙን ከነሙሉው ላከልኝ። ከስር እንዲህ ብሎ ጽፎበታል፦

«ቲቸር፣ ግጥምን ሶስት ጊዜ ሳታነቡ አትፍረዱ ይሉን ነበር። አልበምስ?»

ተማሪ ነገር አይረሳም! እውነት ነው፣ የክፍሌ ሕግ ነው። መጀመሪያ ለድምፁ፣ ሁለተኛ ለሰሙ፣ ሶስተኛ ለወርቁ። «እሺ፣ ሶስቴ እሰማዋለሁ። ውጤቱን ግን የምሞላው እኔ ነኝ» አልኩት። «ኤፍ ቢሰጡትም እቀበላለሁ» አለኝ።

ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ። እንደገና ዕድል መስጠት ማለት «እሺ» ለማለት ቃል መግባት አይደለም። ድጋሚ ፈተና የሚፈተን ተማሪ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ከተነገረው፣ ያ ፈተና አይባልም። መውደቅም ያለበት ሲሆን ነው ማለፉ ክብር የሚኖረው።

ወደ አዳመጡ ከመግባቴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ለመቀሌ ሰው ኤርታሌ የአልበም ስም ብቻ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት ጠዋት ጠዋት የቱሪስት ላንድክሩዘሮች ጄሪካንና ፍራሽ ጣሪያቸው ላይ ጭነው ቁልቁል ወደ አፋር ሲወርዱ እያየን ነው ያደግነው። ከዚህ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተው፣ ጫፉ 613 ሜትር ብቻ ወደሆነ፣ አናቱ ላይ ግን የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ወደተሸከመ ተራራ። በአፋርኛ «የሚያጨስ ተራራ» ማለት ነው ይላሉ። በዚያው በረሃ ዳሎል አለ፤ አሞሌ ጨው በግመል ተጭኖ ወደኛ ገበያ የሚመጣበት አገር።

የሚገርመው፣ ከጃኖ ጀርባ የነበረው አዲስ ገሠሠ ለዓመታት ከማርሊ ቤተሰብ ጋር የሠራ ሰው ነው። ዚጊ ማርሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ግራሚ በተሸለመበት «ኮንሺየስ ፓርቲ» አልበም ላይ ያጀቡት ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ባንዳቸው ምን ይባል ነበር? «ዳሎል»! ዳሎል፣ ከዚያ ኤርታሌ። ሁለቱም ስሞች ከመቀሌ ቁልቁል የሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ይቺ አንድ ነጥብ ታሰጣለች፣ አሰጥቻታለሁም።

የመጀመሪያው ዙር፣ ለድምፁ። ማታ፣ ቤት፣ በጆሮ ማዳመጫ። ግጥሙን ትቼ ከታች ያለውን ብቻ ተከተልኩ፣ ቤዙንና ድራሙን። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፣ ራሱ ቤዝ ተጫዋች የሆነ። የዚህ ሰው እጅ ያላረፈበት ነገር የለም። በ1983 የኸርቢ ሃንኮክን «ፊውቸር ሾክ»፣ በ1986 የከባድ ብረታ ብረት ድምፅ ወዳጆች የሚሰግዱለትን የሞተርሄድን አልበም፣ በ2001 ደግሞ የእኛዋን የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» ሠርቷል። ጂጂን ስንሰማ ያ ጥልቅ፣ ከመሬት ስር የሚመጣ ነገር አለ አይደል? «ኤርታሌ» ውስጥም ከጊታሩ ስር አለ። በሚኒባስ ስፒከር ይሄ አይሰማም፣ ቀጭኑ ጩኸት ብቻ ነው የሚወጣው። ግድግዳ ያልኩት ግድግዳነቱ አልቀረም። መሠረት እንዳለው ግን ሰማሁ።

ሁለተኛው ዙር፣ ክራሬን ይዤ። ያው ትንሽ ትንሽ እነካካለሁ። አንዱን ዘፈን እያስኬድኩ ከስር ለመከተል ስሞክር ጣቶቼ ባቲ ላይ አረፉ። እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምር፣ አመል ነው።

አራቱን ቅኝቶቻችንን ታውቃላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ባቲ ማይነር የሚባለውን ፒያኖ ላይ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ነጮቹን ቁልፎች ትቶ ጥቁሮቹን ብቻ፣ ከኢ ፍላት ጀምሮ መንካት ነው። አሁን ደግሞ የትኛውንም የሮክ ጊታር ጀማሪ ጠይቁት። መጀመሪያ የሚማረው አምስት ድምፅ አለ፣ ብሉዝም ሮክም ሜታልም እዚያ ላይ የቆሙ። እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው! ድምፁ አንድ፣ አካሄዱና ለዛው የየቅል።

ስለዚህ ጊታሩ ባቲን ሲጫወት እንግዳ ልብስ አላለበሰውም። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ነው፣ ድምፁ ብቻ ጎረነነ። «ባህላችንን አበላሹት» የሚሉ ሰዎች ያኔ ነበሩ፣ እኔ ከእነሱ ወገን ሆኜ አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የምመልስላቸው አገኘሁ። አንቺሆዬን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ እሱ ከሮክ ሰፈር ዘመድ የለውም።

ሶስተኛው ዙር፣ ለግጥሙ። እዚህ ላይ ነው የተጣበቅነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ ሰማሁ። አንዳንዱ መስመር ላይ ቃሉን ለመለየት አራቴ መለስኩት። የጠበቀው ላልቶ፣ የላላው ጠብቆ የተዘፈነበት አለ። ዜማው ቃሉን ሲጎትት ቃሉ ይሰበራል።

«ሮክ ነዋ፣ ግጥም ማን ይሰማል?» እንዳትሉኝ። ያው ተማሪዬ ለማወዳደሪያ ብሎ የፕሮግረሲቭ ሜታል ወዳጆች እንደ ታቦት የሚያዩትን የቱልን «ላተራለስ» ልኮልኝ ነበር፣ የ2001 አልበም ነው። እዚያ ውስጥ በአልበሙ ስም የተሰየመው ዘፈን ላይ የመስመሮቹ ቀለም በፊቦናቺ ቁጥር ነው የሚሄደው፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ ከዚያ ወደኋላ ይመለሳል። የሒሳብ አስተማሪ ባልደረባዬ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ግን ሳቅኩ። ቀለም መቁጠር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ብለን ስንቆጥር ነው የኖርነው። እነዚያ በዚያ ሁሉ ነጎድጓድ መሀል እያንዳንዷን ቀለም ቆጥረው ካስቀመጡ፣ ጩኸት ለቃል ጠላት አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታዬ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ማስረጃ አገኘ።

አሁን ወደዚያች ነገር ልመለስ።

ይህ ልጅ ከሚማርበት ክፍል አንዲት ሌላ ተማሪ ነበረችኝ። ጎበዝ፣ የአማርኛ ግጥም በቃሏ የምትወጣ። ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም ተዘግቶ፣ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ ሁላችንም ጋ የነበረው ሙዚቃ ከዚያ በፊት ሚሞሪ ካርድ ላይ የቀረው ብቻ ነበር። መብራት የመጣ ዕለት ስልክ ቻርጅ እናደርግና ያንኑ ደግመን ደጋግመን እንሰማለን። እሷ ግን አንድ ቀን ሮማናት አደባባይ አግኝታኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ «ቲቸር፣ የአማርኛ ዘፈኖቼን ሁሉ ከካርዱ አጥፍቻቸዋለሁ። የዘፋኞቹ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን እምቢ አለኝ።»

የአማርኛ አስተማሪዋ ነኝ። ምን ልበላት? «ሶስቴ ሳትሰሚ አትፍረጂ» የሚለውን ሕጌን ላንሳባት? አላነሳሁባትም። «ገባኝ» ነው ያልኳት፣ ቡና ጋበዝኳት፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ሁለቱም ተማሪዎቼ ናቸው፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ። አንደኛው «እንደገና ይስሙ» ይለኛል፣ አንደኛዋ «መስማት አልችልም» ትለኛለች። ሁለቱንም ሳልከዳ እንዴት ነው የምኖረው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ይቺ ናት፦ ዳግም ዕድል የሰጪው ንብረት ነው። መጠየቅ ይቻላል፣ ማዘዝ ግን አይቻልም። ልጁ ጠየቀኝ፣ ጊዜውም ጆሮውም ነበረኝ፣ ሰጠሁ። እሷን የጠየቃት የለም፤ ያዘዛት ግን ብዙ ነው። በየሚዲያው፣ በየስብሰባው «ያለፈውን እርሱት፣ እንደ ድሯችን እንሁን» የሚል በዝቷል። ጆሮ ግን በስብሰባ አይከፈትም። ቁስል ያለበት ጆሮ በራሱ ጊዜ ነው የሚድነው፣ ባይድንም መብቱ ነው።

ያ ቀን ከመጣ፣ ራሷ አንድ ዘፈን ልትሰማ ከፈለገች፣ የሚቀበላት «አላልኩሽም?» የሚል ሰው እንዳይሆን ነው የምፈልገው። «ወደድሽው ወይስ አልወደድሽውም?» ብሎ የሚጠይቅ፣ «አልወደድኩትም» ብትል ደግሞ ቡናውን የሚቀዳ ሰው ይሁን።

እሺ፣ ውጤቱን ልሙላ። ድምፅና ቅንብር 25 ከ30። ቅኝት 22 ከ30። ግጥምና አነጋገር 14 ከ40። ስሙ ለመቀሌ ሰው ስላለው ትርጉም አንድ ቦነስ። ድምር 62 ከ100። አልፏል። ሁለት ዘፈን ስልኬ ላይ ቀርቷል፣ የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም። አልበሙ ግን አሁንም የእኔ አይደለም፣ የእነሱ ነው፤ ዴስክ እየደበደቡ የዘፈኑት ልጆች ነው። ደስ ብሏቸው ይዘውት ይኑሩ።

ውጤቱን ለልጁ ላኩለት። «62? ቲቸር ቅሬታ አለኝ፣ ወረቀቴ ይታይልኝ» አለኝ። የቅሬታ ሰዓት አርብ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ነገርኩት። ከመቀሌ ውጭ ያለ ሰው በአካል መቅረብ አለበት ብያለሁ፤ መምጣቱን ነው የምፈልገው።

እናንተስ? ሁሉም ሰው የሚወደው፣ ለእናንተ ግን ያልገባችሁ አልበም የቱ ነው? ሶስቴ ልትሰሙት ትችላላችሁ? «አልፈልግም» ማለትም መልስ ነው፣ ነጥብ አልቀንስም። ኮመንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።

ሰናይ ምሸት!