እሳቱ የሚያየው ቀዳዳ

የምድጃ ግድግዳ ከሰል ይበላል። ይህን የተረዳሁት መቀሌ፣ ቃላሚኖ ባለችው ትንሽ ወርክሾፓችን፣ ከቆራሌው የገዛነውን አልሙኒየም እያቀለጥን ድስት ስናወጣ ነው። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ቅርጹን በወጉ እንዲሞላ ግን ከ700 ማለፍ አለበት። ምድጃችን 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ድፍን የሸክላ ጡብ የታነጸ ነበር። አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የዚህ ግድግዳ አንድ ካሬ ሜትር ወደ 360 ኪሎ ይመዝናል፤ በአማካይ 400 ዲግሪ ያህል እስኪሞቅ ድረስ ከ4 ኪሎ በላይ ከሰል የሚሰጠውን ሙቀት ይጠጣል፤ ያውም ከሰሉ ሲነድ የሚባክነው ሳይቆጠር። እንደ መሰቦ ያለ የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃው ከተለኮሰ ሌትና ቀን ስለሚነድ ይህን ዕዳ አንድ ጊዜ ይከፍልና ይገላገላል። ጠዋት ለኩሰን ማታ የምናጠፋ እኛ ግን በየቀኑ እንከፍለዋለን።

ከሰል ለእኔ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በኋላ መብራቱም፣ ባንኩም፣ ስልኩም ተቋረጠ። የኤሌክትሪክ ሞጎጎ (የእንጀራ ምጣድ) የነበራቸው ቤቶች ሁሉ ወደ እንጨት ተመለሱ። በዚያ ጊዜ የምገዛው ከሰል ከምን ዓይነት ዛፍ እንደተቆረጠ አውቅ ነበር። አውቄ ገዛሁ፤ ቤቴ ልጆች ነበሩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ወደ ሥራ ስንመለስ፣ ለምድጃዬ ግድግዳ የማቃጥለው ከሰል ሁሉ ያን ጊዜ ያስታውሰኝ ጀመር። ስስ ግድግዳ ፍለጋ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስስና ጠንካራ ሙቀት ማገጃ በዓለም ላይ ሞልቷል። ሴራሚክ ፋይበር የሚባለው፣ ብርድ ልብስ የሚመስለው ምንጣፍ እስከ 1,260 ዲግሪ ይችላል። ሆኖም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው፤ ብናኙም ሳንባ ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል። በጠባብ ክፍል ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ሳሙኤል ኪስትለር የሠራው ኤሮጀል ደግሞ አብዛኛው አካሉ አየር ሆኖ በጣም ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን የእኛን ድስት ሁሉ ሸጠን የምንደርስበት አይደለም።

ሁሉም የሚሠሩበት ምስጢር ግን አንድ ነው፤ የታሰረ አየር። አየር ካልተንቀሳቀሰ ሙቀት አያሳልፍም ማለት ይቻላል። አገራችንም ይህን ታውቀዋለች። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ይሠራል፤ ፑሚስ በቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ነው። እኔም ፑሚስ ከሩቅ ከማስመጣ ሸክላውን በገብስ ጭድ ለውሼ አቃጠልኩት። ጭዱ ነድዶ ሲያልቅ በቦታው ቀዳዳ ይቀራል። ጡቡ ቀለለ፣ ደስም አለኝ። ሞጎጎ ሥር ሳደርገው ግሩም ነበር። ማቅለጫው ላይ ሳቆመው ግን ውጫዊ ፊቱ እንደ ድሮው ጡብ ያቃጥል ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ገበያ ሞጎጎ ከሚሸጡ ሸክላ ሠሪ እናት ነው። ስብርባሪውን ወስጄ አሳየኋቸው። አንዱን አንስተው ወደ ፀሐይ ያዙትና፣

«ልጄ፣ በዚህ ቀዳዳ እሳቱ ያይሃል» አሉኝ።

«አደይ፣ እንዴት ያየኛል?»

«አንተ በውስጡ ፀሐይን አይተህ የለም? መንገድ ካገኘ እሳትም ይመጣል። በጭዱ ፋንታ እብቅ በወንፊት ንፋ፤ ደቃቁን ብቻ ጨምር።»

ቤት ገብቼ የተማርኩትን ፊዚክስ ከንግግራቸው ጋር አስተያየሁት። ሙቀት በንክኪና በነፋስ ብቻ አይጓዝም፤ እንደ ብርሃን በባዶ ቦታም ይሻገራል። ይህ ብርሃናዊ ሙቀት በቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍበት መጠን ከፍጹም ሙቀቱ (በኬልቪን) ኩብ ጋር ያድጋል። ከሞጎጎው 180 ዲግሪ ወደ ማቅለጫው 730 ስንወጣ ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው። የ5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሞጎጎ ሥር ሲሆን የሚያሳልፈው ጥቂት ነው፤ ማቅለጫው ውስጥ ሲሆን ግን ያ ባዶ ቦታ ብቻውን የድፍን ጡብን ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ቀዳዳው ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከወረደ ይህ ፍሰት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሸክላ ሠሪዋ ቀመሩን አልጻፉትም፤ የቀዳዳው ስፋት እንደሚወስን ግን በዓይናቸው ያውቁታል። በመጽሐፍ ዓመታት የተማርኩትን ነገር ያን ቀን ነው ያመንኩት።

የገብስ ጭዱን ትቼ የተነፋ የጤፍ እብቅ ያዝኩ። ጤፍ ትንሽ ስለሆነ እብቁም ደቃቅ ነው፤ በየትኛውም አውድማ ይገኛል። አዲሱ ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ የድሮውን የ20 ሴንቲ ያህል ይከላከላል። ቀላል ስለሆነ ደግሞ እስኪሞቅ የሚጠጣው ከሰል በካሬ ሜትር በስሌት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ትልቁ ትርፍ ይህ ነው። ምድጃው ቶሎ ይግላል፤ የሚነድደውም ከሰል በዓይን በሚታይ መጠን ቀንሷል።

ደካማ ጎኑም አለ። ቀዳዳ የበዛበት ሸክላ የማቅለጫ ድስቱ ሲነካው ይፈረፈራል። ስለዚህ በእሳቱ በኩል የተፈጨ የሸክላ ስባሪ የገባበት ጠንካራ ስስ ልባስ እቀባዋለሁ። ልባሱና ግድግዳው በሙቀት የሚሰፉበት መጠን ስለሚለያይ ግን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ጫፍ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ይህን ገና አልፈታሁትም።

ጡቡ ከማቅለጫ ውጭም ሊጠቅም ይችላል። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር የፀሐይን ሙቀት በናይትሬት ጨው አከማችቶ እንጀራ የመጋገር ምርምር አካሂዷል። ጨዉ የሚቀልጠው 220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀን የተከማቸው ሙቀት ማለዳ ላይ እንዲገኝ ማከማቻው በሙቀት ማገጃ መሸፈን አለበት፤ በዚያ ሙቀት የገብስ ጭዱ ጡብ ሳይቀር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ለማቅለጫው ግን የሚቀጥለው ሙከራዬ ብረት የበዛበት ቀይ አፈር መቀላቀል ነው፤ የብረት ኦክሳይድ ብርሃናዊውን ሙቀት በመንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለዚህም የግድግዳውን የውስጥና የውጭ ፊት ሙቀት በአንድ ጊዜ የሚለካ ቴርሞኮፕል እየፈለግሁ ነው።